ስለ ብዕር ሰብሳቢዎችና ስለ ምኞት ልክ

የሰውን ጠባይ ለማወቅ የሚፈልግ፣ ያለውን ሀብት ከሚቆጥር ይልቅ ቀጥሎ የሚመኘውን ነገር ቢጠይቀው ይሻላል። በእጃችን ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ከወላጅ የወረስነው፣ ወይም ዕድል የሰጠን፣ ወይም ችግር ያስገዛን ነው፤ ቀጥሎ የምንመኘው ግን ከልባችን የወጣ የራሳችን ነው። ስለዚህ «ቀጥሎስ ምን ትፈልጋለህ?» የሚለው ጥያቄ ቀላል መስሎ ከባድ ነው። እኔም ይህን ጥያቄ ዛሬ ከትልቅ ነገር ሳይሆን ከትንሽ ነገር፣ ከብዕር ተነሥቼ ልመረምረው አስባለሁ። ሰው በትልቅ ነገር ላይ ተጠንቅቆ ራሱን ይሸሽጋል፤ በትንሽ ነገር ላይ ግን ሳያስበው ይገለጣል።

ወጣት አንባቢዬ፣ አንተ ምናልባት የምትጽፈው በቢክ እስክሪብቶ ወይም በስልክህ ላይ ይሆናልና የምናገርለትን ዕቃ አስቀድሜ ላስረዳህ። የቀለም ብዕር ማለት ቀለሙን በሆዱ ይዞ፣ በጫፉ ላይ ባለች ቀጭን ስንጥቅ በኩል ጥቂት በጥቂት ወደ ወረቀቱ የሚያወርድ መጻፊያ ነው። ከእርሱ በፊት ሰው ብዕሩን በየጥቂት ቃሉ ከቀለም ውስጥ እየነከረ ይጽፍ ነበር። በ1884 (ዓመቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) ሉዊስ ዋተርማን የተባለ አሜሪካዊ፣ ቀለሙ ሲወርድ በምትኩ አየር የሚገባበትን ቦይ አበጅቶ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ ብዕር ሳያፈስ በኪስ የሚያዝ ዕቃ እየሆነ ሄደ። በ1945 ጫፉ ላይ ትንሽ ኳስ ያለበት መጻፊያ በኒውዮርክ በአሥራ ሁለት ዶላር ተኩል መሸጥ ጀመረ፤ በ1950 ደግሞ ርካሹ የፈረንሳይ ቢክ ወጣ። የቀለም ብዕርም ከዕለት ሥራ እየወጣ ሄደ። ነገር ግን አልሞተም። አስፈላጊ መሆኑ ሲቀርለት ተወዳጅ ሆነ።

ዛሬ በብዙ አገር ይህን ብዕር የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፤ እኔም አንዱ ነኝ። የምኖረው በአሜሪካ አገር ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ነው። በዚያ አካባቢ በየዓመቱ በኦገስት ወር፣ በሰሜን ቨርጂኒያ በሚገኝ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የብዕር ገበያ ይቆማል። በረጅም ጠረጴዛዎች ላይ ብዕሮች እንደ ጥይት ተደርድረው ይታያሉ፤ ሽማግሌዎች ማጉያ መስተዋት በዓይናቸው ላይ አድርገው ጫፍ ይመረምራሉ፤ ባለሙያዎችም ገዢው ቆሞ ሲጠብቅ የብዕሩን ጫፍ በለስላሳ ድንጋይ እየሞረዱ ለእጁ እንዲስማማ ያደርጉታል። ሰብሳቢዎቹ ሲገናኙ ከጤና ቀጥሎ የሚጠያየቁት አንድ ነገር ነው፦ «ቀጥሎስ የትኛው ነው?»

ይህ ጥያቄ ለማያውቀው ሰው ጨዋታ ይመስለዋል፤ ለሚያውቀው ግን ብዙ ምርመራ የሚጠይቅ ነው። በመጀመሪያ የጫፉ ውፍረት ይታያል። የጃፓን ብዕሮች በጠቅላላው ከአውሮጳ ብዕሮች ይቀጥናሉ፤ የአገሩ ጽሕፈት በትንሽ ቦታ ላይ ብዙ መስመር የሚያጭቅ ነውና። የእኛም ፊደል የራሱ ጠባይ አለው። በወፍራም ጫፍና በፈሳሽ ቀለም በጥድፊያ ሲጻፍ የኃምሱ ቀለበት ይደፈንና «ሌ» «ሊ» ይመስላል፤ አንባቢም ይሳሳታል። ስለዚህ በአማርኛ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ቀጭን ጫፍ ቢመርጥ ይበጀዋል። ቀጥሎ ማዕድኑ ይመረመራል። በጥንቱ ቀለም ውስጥ የነበረው አሲድ ብረትን ሲበላ ወርቅን አይነካውም ነበር፤ የወርቅ ጫፍ የከበረው ስለ ውበቱ ብቻ አልነበረም። ዛሬ ግን የማይዝግ ብረት ስላለ ወርቅ የግድ አይደለም። ከዚያም ብዕሩ ቀለም የሚጠጣበት መንገድ አለ፤ የሐኖቨሩ ፔሊካን በ1929 ጅራቱ ሲዞር ቀለም የሚስብ ብዕር አውጥቷል፤ እስከ ዛሬም ይህንኑ አልተወም። የሐምቡርጉ ሞንብላን ከ1952 ጀምሮ 149 የተባለውን ወፍራም ብዕር ይሠራል፤ በወርቅ ጫፉም ላይ የሞንብላንን ተራራ ከፍታ በሜትር የሚያመለክት 4810 የሚል ቁጥር ይቀርጽበታል። ዋጋውም ዛሬ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ነው።

እኔም በማስታወሻ ደብተሬ ላይ የሚቀጥሉትን ሦስት ብዕሮች በተራ ጽፌ፣ ተራቸውን እየለዋወጥሁ ስንት ማታ አምሽቻለሁ። አንዱን ስሰርዝ ሌላው ይገባል፤ የተሰረዘው ደግሞ በሳምንቱ ተመልሶ ይጻፋል። ይህም ደስታ ነው። ደስታ አይደለም ብዬ ብጽፍ አንባቢዬን እዋሻለሁ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ሰው በራሱ ገንዘብ፣ ማንንም ሳይበድል፣ የማያስፈልገውን ነገር ደጋግሞ ቢመኝና ቢገዛ ነውር ነውን?

አስቀድሜ ለሰብሳቢው ልከራከርለት። ሰብሳቢ ባይኖር ብዙ ጥበብ በጠፋ ነበር። በጃፓን አገር የብዕርን ገላ በዛፍ ሙጫ ደጋግሞ እየቀባ፣ በወርቅ ብናኝ ወፍና አበባ እየሣለ፣ አንዱን ብዕር በወራት የሚጨርስ ባለሙያ አለ። ዋጋውን የሚከፍል ወዳጅ ባያገኝ ሙያውን ለልጁ አያወርስም ነበር። ደግሞም ሰብሳቢነት ዓይንን ያሠለጥናል፤ «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» እንደሚባለው፣ ሌላው ሰው አንድ ጥቁር እንጨት መሰል ነገር በሚያይበት ቦታ ሰብሳቢው ታሪክን፣ ሥራን፣ የሰውን ብልሃት ያያል። መልካም ዕቃን መውደድ ከሰነፍ ልብ አይመጣም። ስለዚህ ብዕር መሰብሰብን በደፈናው የሚያወግዝ ሰው፣ ነገሩን ሳይመረምር የፈረደ ይመስለኛል።

ሆኖም ሌላም ወገን አለው። የሃይደልበርጉ ላሚ በ1980 ለተማሪዎች ብሎ ያወጣው ሳፋሪ የተባለ ርካሽና ጠንካራ ብዕር አለ። ይህ ብዕር በየዓመቱ በአዲስ መልክ ይወጣል፤ አንድ ዓመት አንድ ዓይነት ቀለም ተቀብቶ፣ በሚቀጥለው ሌላ። ጫፉ ያው ነው፤ አጻጻፉም ያው ነው፤ የተለወጠው የፕላስቲኩ መልክ ብቻ ነው። እኔ ግን አምስቱን ገዝቻለሁ። አምስተኛውን ስገዛ የሚጎድለኝ ብዕር ሳይሆን በሣጥኔ ውስጥ ያለው የመልክ ተራ እንደ ነበረ ልብ አላልሁም። ዕቃው ሌላ ዕቃ ይጠራል። ዴኒ ዲዴሮ የተባለው የፈረንሳይ ፈላስፋ በ1769 ስለ አሮጌው የቤት ካባው በጻፈው ጽሑፍ ይህንኑ ተናግሯል፤ አዲስና ያማረ ካባ ቢለብስ ወንበሩ አስቀየመው፤ ወንበሩን ቢለውጥ ጠረጴዛው አላምር አለው፤ እንዲህ እያለ ክፍሉን በሙሉ ከለወጠ በኋላ የአሮጌው ካባ ጌታ እንደ ነበረና የአዲሱ ባሪያ እንደ ሆነ ተረዳ። እኛም ሰብሳቢዎች ሁልጊዜ «ይህ የመጨረሻዬ ነው» እንላለን። ውሸታችንን ግን አይደለም፤ በተናገርንበት ሰዓት እውነት ነው። «አልጠግብ ባይ ሲተፋ ያድራል» የሚለው ተረት የተተረተው በእንጀራ ቢሆንም ለብዕርም ይሠራል።

ከዚህ በላይ የሚያስተምረን ግን የብዕሩ የራሱ ጠባይ ነው። የቀለም ብዕር ተቀምጦ አይጠበቅም። ቀለም ሞልተው ካልጻፉበት ውኃው ይተንና ዝቃጩ በቦዩ ውስጥ ይደርቃል። በድሮዎቹ ብዕሮች ውስጥ ያለው የጎማ ከረጢት ከዕድሜ ብዛት ይደነድናል፤ ቀለም እንዳያመልጥ የሚያግደው ቡሽም ሲደርቅ ይኮማተራል። ወርቅ በሣጥን ውስጥ መቶ ዓመት ቢቀመጥ ወርቅ ነው፤ ብዕር ግን የሚጠበቀው በመጻፍና በመታጠብ ነው። አንድ ቅዳሜ ሣጥኔን ከፍቼ ሠላሳ አንድ ብዕር ቈጠርሁ። ከእነርሱም ሞልቼ የረሳኋቸው አራቱ ጫፋቸው በደረቀ ቀለም ታሽጎ አገኘኋቸው። ሦስት ቀን በውኃ ዘፍዝፌ አንደኛው አልከፈት አለኝ። ያን ብዕር ለመምረጥ ሁለት ወር ደክሜበት ነበር፤ የጻፍሁበት ግን ሦስት ገጽ አይሞላም።

አሁን ወደ አንድ ሰው ታሪክ ልለፍ፤ ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ እርሱ ነውና።

ባደግሁበት የአዲስ አበባ ሰፈር፣ የዕድር ጸሐፊ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሕፃናቱ ሁሉ «ጋሼ ጸሐፊ» እንላቸው ነበር። በደረት ኪሳቸው ከቶ የማትለያቸው አንዲት ፓርከር 51 ነበረቻቸው፤ በወጣትነታቸው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሠሩ ከደመወዛቸው ቆጥበው የገዟት ናት። ፓርከር 51 በ1941 ለገበያ የወጣ፣ ጫፉ ከቀፎው ውስጥ የተሸሸገ ስለ ሆነ ቀለሙ ቶሎ የማይደርቅበት ብዕር ነው፤ ከ1948 ወዲህ የተሠሩትም ቀለም የሚይዙበት ከረጢት ጠንካራ በመሆኑ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ይሠራሉ። ጋሼ ጸሐፊ በዚያች ብዕር የአባላቱን ስም፣ የወር መዋጮውን፣ ድንኳኑንና ወንበሩን ማን ወስዶ መቼ እንደ መለሰ፣ ከማን ቤት ሰው እንደ ሞተና ስንት ብር እንደ ተከፈለ ይጽፉ ነበር። መዝገቡ ላይ ስርዝ ድልዝ አይገኝም። ማመልከቻ የሚያስጽፍ ባልቴት ቢመጣም ያለ ዋጋ ይጽፉለት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብዕራቸውን በንጹሕ ውኃ አጥበው፣ በነጭ ጨርቅ አድርቀው፣ ቀለም ይሞሏታል። እኔ ብዕርን የወደድሁት ያን ጊዜ ከአጠገባቸው ቆሜ ሳይ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ አገሬ ገብቼ ልጠይቃቸው ሄድሁ። በጨዋታ መካከል ሠላሳ አንድ ብዕር እንዳለኝ ነገርኋቸው፤ እንዲደነቁልኝ ፈልጌ ነበር። እርሳቸውም ፈገግ ብለው «እሰይ! ታዲያ ምን ምን ጻፍህባቸው፣ ልጄ?» አሉኝ። ሊያሳፍሩኝ አልነበረም፤ በእውነት ለማወቅ ፈልገው ነው። እኔ ግን የምመልሰው አጣሁ። ነገሩን ለመለወጥ ያህል «ለርስዎም አንድ አዲስ እልክልዎታለሁ» ብላቸው፣ «ብዕርስ አለኝ፤ ከቻልህ አንድ ብልቃጥ ቀለም ላክልኝ። እዚህ የማገኘው እየወፈረ አስቸገረኝ» አሉኝ።

አንድ ብልቃጥ ቀለም በምኖርበት አገር የአንድ ምሳ ዋጋ አይሆንም። ወደ አገር ቤት የሚሄድ መንገደኛም ሳምንት ሳይመላለስ አይቀርም። እኔ ግን ወደ ቤቴ ስመለስ «ለእንዲህ ያሉ ሰው ቀለም ብቻ መላክ ያሳፍራል፤ ብዕር ልጨምርበት» ብዬ አሰብሁ። ከዚያም ምርጫ ጀመርሁ። ፔሊካን ይሻላል ወይስ ሌላ ፓርከር? ጫፉ ቀጭን ይሁን ወይስ መካከለኛ? ወርቅ ቢሆን ከኪሳቸው ይሰረቅ ይሆን? ጥቁር ይወዱ ይሆን ወይስ ሰማያዊ? እንዲህ እያልሁ ሰባት ወር አለፈ፤ በዚያው መካከል ለራሴ ሁለት ብዕር ገዛሁ። የገዛሁት የቀለም ብልቃጥ ብዕሩን እየጠበቀ ከጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ስልክ ተደወለልኝና ማረፋቸውን ሰማሁ።

በኋላ ልጃቸው የመዝገቡን የመጨረሻ ገጾች በስልክ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። በመጨረሻዎቹ ወራት ጽሕፈቱ እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነው፤ ቀለሙ ግን ሳስቷል። የወፈረውን ቀለም ውኃ እየጨመሩበት ይጽፉ እንደ ነበረ ልጃቸው ነገረኝ። ከዚያ ቀጥሎ የሳቸውን ስምና ያረፉበትን ቀን የጻፈው ሌላ እጅ ነው፤ በቢክ የተጻፈ ነው።

ይህን የተናገርሁት አንባቢዬን ላሳዝን ብዬ አይደለም፤ ጥፋቴ ከወዴት እንደ ሆነ ለመመርመር ነው። ጥፋቴ ብዕር ማብዛቴ ብቻ አልነበረም፤ ስስትም አልነበረም፤ ውድ ብዕር ልሰጣቸው አስቤ ነበርና። ጥፋቴ፣ መምረጥ በጣም ስለ ጣፈጠኝ እንደ ሥራ መቁጠሬ ነው። ስመርጥ ሳለሁ አንድ ነገር እያደረግሁላቸው ይመስለኝ ነበር። የሚቀጥለው ብዕር ሐሳብ በእኔና አሁን በሚያስፈልጋቸው ቀለም መካከል ገብቶ ጋረደኝ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይባላል፤ እኔ ግን ከዚያች ሴት የባስሁ ነኝ፤ እርሷ የጣለችው የራሷን ነው፤ እኔ የጣልሁት የሌላ ሰውን ነው።

እንግዲህ የምኞት ልክ ምንድን ነው? አሪስቶትል «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ ለማንኛውም ሙያ መሣሪያው በቁጥርም በመጠንም ወሰን አለው፤ ሀብትም የኑሮ መሣሪያ ስለ ሆነ እንዲሁ ወሰን ሊኖረው ይገባል። ይህ መልካም ምክር ነው፤ ነገር ግን ሰብሳቢ ቢሰማው «ብዕሬ መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ የውበት ዕቃ ነው፤ ለውበትስ ምን ወሰን አለው?» ብሎ ሊመልስ ይችላል። መልሱም ከንቱ አይደለም። እኔ ግን ለዚህ የምሰጠው መልስ ከዚያ ከደረቀው ብዕር የተማርሁት ነው። የውበትም ዕቃ ቢሆን የሚያየው ዓይን፣ የሚያጥበው እጅ ይፈልጋል። ዓይናችን ሁለት፣ እጃችን ሁለት፣ ቀናችንም ሃያ አራት ሰዓት ነው። ስለዚህ የሀብት ወሰኑ ገንዘባችን ሳይሆን ጥንቃቄያችን ነው። ለመንከባከብ የምንችለው ነገር በእውነት የእኛ ነው፤ ከዚያ የተረፈው በእኛ ስም የተቀመጠ ብቻ ነው። ይህ ልክ ለሁሉም አንድ አይደለም። ሃምሳ ብዕር አጥቦና ጽፎ የሚያኖር ሰው ልኩን አላለፈም፤ ሁለት ይዞ ሁለቱንም ያደረቀ ግን አልፏል።

የአገራችን ቁም ጸሐፊዎች ይህን ያውቁት ነበር። ከመቃ ቀርጸው ብዕር ያበጃሉ፤ አንዱን ለጥቁር፣ አንዱን የቅዱሳን ስም ለሚጻፍበት ለቀይ ቀለም ያደርጉታል። ጫፉ ሲደንዝ በካራ ይቀርጹታል፤ እንደገና ሲደንዝ እንደገና ይቀርጹታል፤ እየተቀረጸ ያጥራል፤ በመጨረሻም ለመያዝ ሲያዳግት ይጣላል። ብዕሩ ያልቃል፤ ብራናው ይቀራል። በእኔ ሣጥን ውስጥ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ብዕሩ እንደ አዲስ ሆኖ ይቀራል፤ የተጻፈ ነገር ግን የለም።

ወጣት አንባቢዬ፣ አንተ ብዕር አትሰበስብ ይሆናል፤ ነገር ግን ጫማም፣ ስልክም፣ መጽሐፍም፣ የምስክር ወረቀትም ይሰበሰባል። ስለዚህ የሚቀጥለውን ከመመኘትህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቅ። አንደኛው፣ ይህን አዲሱን ስንከባከብ ካሉኝ መካከል የትኛው ይደርቃል? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ እኔ በምመርጥበት ጊዜ ከእኔ ዘንድ ትንሽ ነገር የሚጠብቅ ሰው አለን? የሚል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ዕቃህን ያድንልሃል፤ ሁለተኛው ራስህን።

እኔ ብዕሮቼን ወደ ዘጠኝ አወረድኋቸው፤ በአንድ ቅዳሜ አጥቤ የምጨርሳቸው ያን ያህል ናቸውና። የቀሩትን ሊጽፉባቸው ለሚፈልጉ ወጣቶች ሰጠሁ። ምኞቴ ግን ሞቷል ብዬ አልመካም፤ ባለፈው ኦገስትም ከገበያው መካከል አንድ አረንጓዴ ብዕር አይቼ ሁለት ጊዜ ተመልሼበታለሁ። ያ ሳይላክ የቀረው የቀለም ብልቃጥ አሁንም ከጠረጴዛዬ ላይ አለ። ለጋሼ ጸሐፊ ባለቤት በየወሩ የምጽፍላቸው ደብዳቤ ከእርሱ እየተቀዳ ነው፤ ዛሬ ከግማሹ በታች ደርሷል። እርሱ ሳያልቅ ሌላ ብዕር አልገዛም።